ወንድም፣ አጎት፣ ጓደኛ፦ የአንድ ሰው ሕይወት እንዳይበተን

አንድ ሰው ለአንዱ ወንድም፣ ለሌላው አጎት፣ ለሦስተኛው የልብ ጓደኛ ሆኖ ኖሮ ሲያርፍ፣ የሚያዝኑለት ሁሉ ስለ አንድ ሰው የሚያወሩ ይመስላቸዋል። ጨዋታው ሲጀመር ግን ልዩነቱ ይወጣል። እህቱ ጨለማ ይፈራ የነበረውን ልጅ ታስታውሳለች። የወንድሙ ልጅ የሚያውቀው ምንም ነገር የማይፈራውን ትልቅ ሰው ነው። ጓደኛው ደግሞ ሥራ ያጣበትን ዓመት ያውቃል፤ ቤተሰቡ ያንን ዓመት በሰላም ያለፈ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ሦስቱም አልተሳሳቱም። ሙሉውን ሰው የያዘ ግን አንድም የለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ማስታወስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያውም ጊዜ የማይሰጥ ሥራ። ልብ ውስጥ ያለ አይጠፋም ይባላል። ይጠፋል። የሚጠፋው በመርሳት ብቻም አይደለም፤ በውዳሴም ይጠፋል። “ደግ ነበር፣ ተጫዋች ነበር፣ ለሰው አሳቢ ነበር” እየተባለ በተደጋገመ ቁጥር፣ ደግነቱ የታየበት ነገር ከሥር ከሥሩ ይሸሻል። ቆይቶ የሚቀረው ለማንም ሊባል የሚችል ሦስት ቃል ነው። “ከእሱ የተበደረ ሰው እንዳያፍር፣ ከሩቅ ሲያየው መንገዱን ተሻግሮ በማዶ ይሄድ ነበር” ተብሎ ከተጻፈ ግን፣ ያ ሰው ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም።

ወንድምም፣ አጎትም፣ ጓደኛም የነበረን ሰው ማቆየት ምን እንደሚጠይቅ ከሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎህ ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ቪንሰንት እ.ኤ.አ. በጁላይ 1890 ሞተ፤ ታናሽ ወንድሙ ቴዎ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ተከተለው። ቴዎ ከወንድሙ የመጣለትን ደብዳቤ ያስቀምጥ ስለነበር ከ600 በላይ የሚሆኑት ዛሬም አሉ። ቪንሰንት ግን የቴዎን እምብዛም አላስቀመጠም፤ የተረፉት ወደ 40 ገደማ ናቸው። በዚህ የተነሳ በታሪክ እጅግ ከታወቁት የወንድማማቾች ንግግሮች አንዱን ዛሬ የምንሰማው በአብዛኛው ከአንድ ወገን ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ይዛ የቀረችው የቴዎ ባለቤት ዮሃና ደብዳቤዎቹን አሰናድታ ያሳተመችው በ1914 ነበር። ብዙዎቹ ቀን ስላልተጻፈባቸው የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ለማወቅ ብዙ ደክማለች። የቪንሰንት ጓደኛ ኤሚል በርናር በእሱ እጅ የነበሩትን ደብዳቤዎች አስቀምጦ ለኅትመት አብቅቷል። ያ ሕፃን፣ በአጎቱ ስም ቪንሰንት የተባለው፣ አድጎ መሐንዲስ ሆነ፤ ስብስቡ ተሸጦ እንዳይበተን ለአንድ የቤተሰብ ድርጅት አስረክቦ፣ የቫን ጎህ ሙዚየም በ1973 አምስተርዳም ውስጥ ሲከፈት በሕይወት ደርሶ አየ። አጎቱ ለእሱ መወለድ ብሎ የሣለው ያበበ የለውዝ ቅርንጫፍ ዛሬ እዚያው ተሰቅሏል።

ታዋቂ ሠዓሊ መሆን የግድ አይደለም። የሆነው ነገር ግን በየቤቱ ያለ ነው፦ ወንድም የያዘው አለ፣ ጓደኛ የያዘው አለ፣ የወንድም ልጅ የሚወርሰው አለ። የሚጎድለውም ማንም ያላስቀመጠውና ቀን ያልተጻፈበት ነው።

የመጀመሪያው አጣዳፊ ነገር ስልኩ ነው። በሐዘኑ ሰሞን ማንም የማያስበው፣ ግን ከሁሉ ፈጥኖ የሚጠፋው እሱ ነው። “ይጽዳና ለልጁ ይሰጥ” የሚል አሳቢ ዘመድ አይጠፋም፤ መስመሩንም ወጪ ለመቀነስ ቶሎ የሚያዘጋ ይኖራል። ሁለቱም ይቆዩ። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ በዚያ ቁጥር በመልእክት የሚላኩ የማረጋገጫ ኮዶችም አብረው ይሄዳሉ። የይለፍ ቁጥሩን የሚያውቅ ከሌለ በግምት አትሞክሩ። አንዳንድ ስልኮች፣ ባለቤቱ እንደዚያ አድርጎ ካስተካከላቸው፣ ከ10 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ያጠፋሉ። የሲም ካርዱ የራሱ ፒን ካለው ሦስት ስህተት ይቆልፈዋል፤ የመክፈቻውን የፒዩኬ ቁጥር 10 ጊዜ መሳሳት ደግሞ ካርዱን ጨርሶ ያበላሸዋል።

ከዚያ አካውንቶቹ አሉ። ለ120 ቀን ሥራ ላይ ያልዋለ የዋትስአፕ አካውንት እንደ ደንቡ ይሰረዛል፤ ስልኩ ላይ የተቀመጠው ንግግር ግን መተግበሪያው እስካልጠፋ ድረስ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ መተግበሪያውን ማጥፋት የለም። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል፤ ፎቶዎቹና ኢሜይሎቹ አብረው ይሄዳሉ። ፌስቡክ ላይ የመታሰቢያ ገጽ እንዲሆን የሚቀርበው ጥያቄ የፍቅር ሥራ ነው፤ ግን አንዴ ከተፈጸመ በኋላ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው እንኳ በዚያ ሰው ስም መግባት አይችልም። መቅዳት የሚገባው ነገር ካለ ቅጂው ይቅደም፣ ጥያቄው ይከተል። አይፎን ላይ ደግሞ ሰውየው በሕይወት ሳለ ወራሽ አድርጎ የመዘገበው ሰው ካለ፣ ያ ሰው በተሰጠው ቁልፍና በሞት የምስክር ወረቀት ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት ማከማቻው) የተቀመጠውን ማግኘት ይችላል፤ ፈቃዱ የሚቆየው ለሦስት ዓመት ነው። እስከ አምስት ሰው መመዝገብ ይቻላል። ይህንን የምታነቡ ሁሉ ዛሬውኑ የራሳችሁን ብትመዘግቡ ለሚቀሩት ትልቅ ሸክም ታቃልላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ስልኩን ማስቀመጥ ማለት በውስጡ ያለውን ሁሉ ማንበብ ማለት አይደለም። አንድ ንግግር ግማሹ የሟች ነው፣ ግማሹ ደግሞ በሕይወት ያለ የሌላ ሰው ነው። ጓደኛው በሌሊት የጻፈለትን የትዳር ጭንቀት እህቱ የማንበብ መብት የላትም፤ እሱም ቢሆን እንድታነበው አይፈልግም ነበር። ጥሩው መንገድ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ስልክ፣ ከእሱ ጋር የተጻጻፈውን ማውጣትና ሊካፈል የሚፈልገውን ብቻ መስጠት ነው። ዋትስአፕ ንግግሩን ወደ ፋይል የሚያወጣበት አማራጭ አለው፤ ፎቶና ድምፅ ሲጨመር የቅርቦቹን 10,000 መልእክቶች፣ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን እስከ 40,000 ይወስዳል። ንግግሩ ከዚያ በላይ ረጅም ከሆነ የድሮው ክፍል ስለሚቀር፣ ከላይ ያሉትን ድምፆችና ፎቶዎች አንድ በአንድ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የድምፅ መልእክቶቹን ፈልጉ። አሥራ አራት ሰከንድ የምትሆን አንድ ተራ መልእክት ምን እንደያዘች አስቡ። ከመናገሩ በፊት የሚስበው ትንፋሽ አለ። ስሙን ሳይናገር “እኔ ነኝ” የሚልበት መንገድ አለ። ከጀርባ የተከፈተ ሬዲዮ፣ የሚዘጋ የመኪና በር፣ “ቆይ አንዴ” ብሎ ለሌላ ሰው የሚመልሰው ቃል አለ። የሚለው ነገር “ደርሻለሁ፣ ውረዱ” ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰዎች በተለምዶ የሚያስቀምጡት የልደት ምኞቱንና የምርቃቱን ንግግር ነው፤ እዚያ ላይ ግን ለሰው ብሎ ነው የሚናገረው። ቤተሰቡ የሚናፍቀው ድምፅ “ውረዱ” የሚለው ላይ ነው ያለው። መጀመሪያና መጨረሻውን አትቁረጡ፤ ዝምታውም የእሱ ነው። በሌላ ስልክ ማይክሮፎን ከድምፅ ማጉያው መልሶ መቅዳት ጥራቱን ይገድለዋል፤ ፋይሉ ራሱ፣ መጨረሻው ኦፐስ (.opus) ወይም ኦጂጂ (.ogg) የሚለው፣ እንዳለ ይገልበጥ። ስሙ ይቀየር፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ለማን እንደተላከ፣ ስለ ምን።

ስልኩ ከተገለበጠ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪው ግማሽ ያህል ተሞልቶ ጠፍቶ ይቀመጥ፣ በየስድስት ወሩም ይታይ። ባዶውን የቆየ ባትሪ ላይነሳ ይችላል፤ ሞልቶ የቆየም ቶሎ ያረጃል።

ፎቶ ወደ መሰብሰቡ ስንመጣ ትልቁ ስህተት በመላላኪያ መተግበሪያ “ያላችሁን ላኩልን” ማለት ነው። መተግበሪያው ፎቶውን ያሳንሰዋል፤ መቼ እንደተነሳ የሚናገረውን በፋይሉ ውስጥ የተደበቀ መረጃም ብዙውን ጊዜ ያወጣዋል። በፎቶ ሳይሆን በፋይል ወይም በዶክመንት መልክ ይላክ፤ ካልሆነ የጋራ ክላውድ ማኅደር ተከፍቶ ሁሉም ከራሱ ስልክ እዚያ ይጫን።

የወረቀት ፎቶ በስካነር ይነሳ። የተለመደ መጠን ላለው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ያንኑ መጠን መልሶ ለማተም ይበቃል፤ እኔ ግን 600 ነው የምመክረው፣ ሁለት እጥፍ ለማሳደግ ቦታ ይሰጣል። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው በጉርድ ፎቶ ነው። ከወጣትነቱ የተረፈው አንድ 3 በ4 ሳንቲሜትር ጉርድ ፎቶ ብቻ ይሆንና አድጎ በትልቅ ፍሬም እንዲሰቀል ይፈለጋል። በ600 ዲፒአይ ሲነሳ የሚወጣው 709 በ945 ፒክስል ገደማ ነው። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ ጥርት ብሎ ለመታተም 2480 በ3508 ፒክስል ይጠይቃል። ያንን ለማግኘት ጉርዱን ከ2100 ዲፒአይ በላይ ማንሳት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ራሱ ግን ያን ያህል ዝርዝር የለውም፣ የሚያድገው የወረቀቱ ቆዳ ነው። በፖስትካርድ መጠን ታትሞ ሰፊ ነጭ ጠርዝ ባለው ፍሬም ቢገባ ፊቱ ፊቱን ይመስላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት “ማጥራት” ላይም ጠንቀቅ በሉ። የጎደለውን ዝርዝር ከሌሎች ሰዎች ፊት በተማረው እየገመተ ስለሚሞላው፣ ዓይኑና ጥርሱ የሌላ ሰው ይሆናል። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ።

ፎቶ መስታወት ላይ ተጣብቆ ከሆነ አትላጡት፤ ከነመስታወቱ ስካነር ላይ ይደረግ። በተለጣፊ አልበም ውስጥ የቆየ ከሆነ ደግሞ ከጥግ መጎተት ያጥፈዋል ወይም ይቀደዋል። ሰም የሌለው የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብቶ በእርጋታ ወዲያና ወዲህ እያሉ መሳብ አብዛኛውን ጊዜ ያላቅቀዋል፤ እምቢ ካለ ገጹ እንዳለ ይነሳ። ጀርባውን ሁልጊዜ አንሱት። ማኅተም፣ የፎቶ ቤት ስም፣ የተጻፈ ስም፣ ቀን፤ ከፊቱ የበለጠ የሚናገር ጀርባ ብዙ ነው። አዲስ ነገር ለመጻፍ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ እስክሪብቶ ይወጋዋል፣ ቀለሙም ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላው ፎቶ ይሻገራል። ቀን ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩበት። ሁለት የዘመን አቆጣጠር በሚጠቀም ቤተሰብ ውስጥ “75” የሚል ቁጥር ብቻውን ሰባትና ስምንት ዓመት ያዛባል፤ እሱም ሳይወለድ ተመርቆ ሊገኝ ይችላል።

ዕቃውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ ማንም ምንም ከማንሳቱ በፊት ክፍሉ እንዳለ ፎቶ ይነሳ። ከበሩ ጀምሮ በቀኝ በኩል ዙሪያውን፣ ከዚያ መሳቢያዎቹ ተከፍተው። መነጽሩ ከየትኛው መጽሐፍ ላይ እንደነበረ፣ ጫማውን በየት አዙሮ እንደሚያወልቅ ከተነሳ በኋላ የሚያስታውስ የለም። ሽታው የቀረበት ልብስ እንዲቆይ ከተፈለገ ሳይታጠብ፣ ፍጹም ደረቅ ሆኖ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸግ፤ እርጥበት ካለው ይሻግታል። ሽታው በከፈታችሁት ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በኪሱ የተገኘ ደረሰኝ ደግሞ ሙቀትና ብርሃን የሚያደበዝዘው ዓይነት ወረቀት ስለሆነ በዕለቱ ፎቶ ይነሳ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሰዎቹ።

የተለመደው ሁሉም በተሰበሰበበት ጨዋታ አንስቶ መቅዳት ነው። ደስ ይላል፣ ያጽናናል፤ ለማስታወስ ግን ደካማ ዘዴ ነው። በሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግሞ የታየ ነገር አለ፦ አብረው ተቀምጠው የሚያስታውሱ ሰዎች፣ ለየብቻ ተጠይቀው መልሳቸው ቢደመር ከሚገኘው ያነሰ ነው የሚያወጡት። አንዱ ሲናገር የሌላው የሐሳብ ክር ይበጠሳል። ከዚህም በላይ ድምፁ የጎላው የሚናገረው የሁሉም ትዝታ ይሆናል፤ ታናሽ እህት ከሃያ ዓመት በኋላ የምትተርከው በዓይኗ ያየችውን ሳይሆን ታላቅ ወንድሟ ሲተርክ የሰማችውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም።

ማን ምን እንደሚያውቅ አስቀድሞ ማሰብም ይጠቅማል። በዕድሜ የገፋ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ያለውን ጊዜ ነው። ታላላቅ ወንድሞች ስለ ልጅነቱና ስለ ወጣትነቱ አውርተው የማይጠግቡት፣ አርባዎቹን ግን “ያው ሥራ ላይ ነበር” ብለው የሚያልፉት ለዚህ ነው። እነዚያ የመሐል ዓመታት ያሉት በጓደኛውና በሥራ ባልደረቦቹ እጅ ነው። ስለዚህ በየአሥር ዓመቱ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ ሁለት ሰው መመደብ ይሻላል።

ሕፃናቱ ግን መቅደም አለባቸው። ይህን ብዙ ሰው አያምነኝም፤ “ልጆቹ ገና ናቸው፣ በኋላ ይጠየቃሉ” ይላል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። አብዛኛው አዋቂ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ትዝታ ከሦስት ዓመት ዕድሜው ወዲህ ያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውም ቢሆን አይጸናም። በ3 ዓመታቸው የሆነውን ነገር ልጆች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ ከ60 በመቶ በላይ እንደሚያስታውሱ፣ ስምንትና ዘጠኝ ሲሞላቸው ግን ከ40 በመቶ በታች እንደሚወርድ የሚያሳይ ጥናት አለ። አጎቱን በአራት ዓመቱ ያጣ ልጅ ዛሬ ከያዘው አብዛኛውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊያጣው ነው። ዛሬ ከተጠየቀና ቃሉ ከተቀዳ ግን የራሱን ድምፅ ሰምቶ “አውቀው ነበር” ማለት ይችላል። ልጅን አስቀምጦ መጠየቅ አይሆንም፤ እየሣለ፣ እየተጫወተ፣ “አጎትህ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?” ይባላል። የሚሰጠው መልስ በልጅ ዓይን የታየ ዓለም ነው፦ የጫማ ድምፅ፣ የኪስ ቁልፎች፣ ትከሻ ላይ ሲወጣ የሚነካው የጸጉር ልስላሴ። አዋቂ እነዚህን አይሰጥም።

“ምን ዓይነት ሰው ነበር?” አትበሉ። መልሱ “ደግ” ነው፣ እዚያው ያልቃል። “ስልክ ሲደወልለት መጀመሪያ የሚለው ምን ነበር? ሲናደድ ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል? ዝም ካለስ ማን ነው የሚያስታርቀው? ገንዘብ ሲቸግረው በምን ታውቂበት ነበር? ከሁሉም በላይ ምን ይሰለቸው ነበር? ምንድን ነው ጀምሮ ያልጨረሰው? ማንን ነው በስተመጨረሻ የሚፈልገው የነበረው?” እያሉ መጠየቅ ያዋጣል። ለጓደኛው ደግሞ “ቤተሰቡ የማያውቀው፣ ግን ቢያውቀው የሚኮራበት ነገር አለ?” የምትለዋን ጥያቄ አትዝለሉ። በድብቅ የከፈለው የትምህርት ክፍያ፣ ሆስፒታል ያደረበት ሌሊት፣ የሚወጡት በዚህች በር ነው። ስሞቹንም ሁሉ ሰብስቡ፤ ወንድሙ በቁልምጫ፣ የእህቱ ልጅ “ጋሼ” እያለ፣ ጓደኛው በትምህርት ቤት ቅጽል ስሙ የሚጠራው ሰው ነበር።

ሲቀዳ ስልኩ ከአፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ካስቀመጣችሁት የጣት ምታ ሁሉ ይገባል። ማራገቢያና ፍሪጅ በጆሮ ልብ አይባሉም፤ በቅጂው ላይ ግን ሁሉን ይሸፍናሉ። መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ክፍል ከባዶ ሳሎን ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ የተናጋሪውን ስምና ለሟቹ ምኑ እንደሆነ ተናገሩ። ሰውየው ዝም ሲል እስከ 10 ቁጠሩ፤ ጠያቂ ዝምታ ፈርቶ ሌላ ጥያቄ ሲወረውር ነው ትልቁ ነገር የሚያመልጠው። ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ። ማልቀስ ከመጣ መቅጃው ይቁም አይቁም ብላችሁ ተናጋሪውን ጠይቁት፤ እናንተ አትወስኑለት።

የተሰበሰበው ሁሉ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ይግባ። ዓመት፣ ዕድሜው፣ የት ይኖር እንደነበር፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ከማን ጋር፣ ማን እንደነገራችሁ። የመጨረሻው ዓምድ ትርፍ ይመስላል፤ አስታራቂው ግን እሱ ነው። ሁለት ሰው የተለያየ ሲናገር መሐሉን ወስዳችሁ ሦስተኛ ታሪክ አትፍጠሩ። ሁለቱም ከነባለቤቶቻቸው ይጻፉ። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ ቀን ያለው ፎቶ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ካልፈታውም ልዩነቱ ራሱ ይነግራል፦ ወንድሙ “በራሱ ፈቃድ ለቀቀ” ሲል ጓደኛው “ተባረረ” ካለ፣ ከማን ምን ይደብቅ እንደነበር ታወቀ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የሚነበብ ጽሑፍ አጭር ይሁን። አምስት ደቂቃ ጥሩ ነው፣ ሰባት ይበቃል። በልብ ሲነበብ ሳይሆን ጮክ ተብሎ በሰዓት ይለካ፤ በዕለቱ ደግሞ ሳግና ዝምታ ስለሚጨምር ከተለካው ይረዝማል። ፊደሉ 16 ወይም 18 ነጥብ፣ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ፣ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው ሳይሰበር፣ ገጾቹ ቁጥር ተጽፎባቸው። አንባቢው ሲያቅተው የሚቀበል ሁለተኛ ሰው ያንኑ ወረቀት ይዞ አጠገቡ ይቁም። ድምፅ የሚሰበረው አሳዛኝ በተባለው ቦታ ላይ አይደለም፤ የቤት ስሙ ላይ ወይም አስቂኝ ታሪኩ ላይ ነው። ስለዚህ ሲለማመዱ እነዚህን ደጋግሞ ማንበብ ይረዳል።

የሕይወት ታሪክ ቀን በቀን የሚቆጥር ሲሆን ሰውየው ይጠፋል። ተወለደ፣ ተማረ፣ ተቀጠረ፣ አገባ፣ ታመመ። ዋና ዋናዎቹ ቀኖች ሁለት አንቀጽ ይበቃቸዋል። ቀሪው ለሦስት ትዕይንቶች ይሰጥ፦ አንድ ከወንድም ወይም ከእህት፣ አንድ ከወንድም ልጅ፣ አንድ ከጓደኛ። ሦስቱ ስለ አንድ ባሕርይ ከሆኑ ሁለቱን ለውጡ። ታግሶ የሚያስተምር አጎት፣ ለመሸነፍ እንቢ የሚል ወንድም፣ ሲከፋው የሚጠፋ ጓደኛ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው ሰው የሚመስለው።

ጉድለቱስ? ጉድለት የሌለበት ጽሑፍ ሲነበብ በደንብ የሚያውቁት ሰዎች አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እሱን እየሰሙ እንዳልሆነ ያውቁታልና። ቀጠሮ አያከብርም ነበር፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ዓመት ይፈጅበት ነበር ማለት ፍቅርን አይቀንስም፤ የቀረውን ሁሉ ያሳምናል። ድንበሩ ግን ግልጽ ነው። በሕይወት ያለ ሰው የሚያፍርበት፣ ልጆቹ መጀመሪያ በአደባባይ ሊሰሙት የማይገባ፣ ወይም እሱ መልስ ሊሰጥበት የማይችል ክስ አይነበብም። ሞቱ በራሱ እጅ ከሆነ እንዴት እንደሆነ አይዘርዘር፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ነው ተብሎ አይደምደም፤ የኖረበት ሕይወት በዚያ አንድ ቀን አይተረጎምም። ምን ተብሎ እንደሚነገር ቤተሰቡ አስቀድሞ አንድ ቃል ላይ ይስማማ፤ ለልጆች የሚነገረውም ከዚያው ያልራቀ እውነት ይሁን።

ከሁሉ በላይ ቂም ጥሎ የሚያልፈው ስህተት የስም መዝለል ነው። የቀድሞ ባለቤት፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ፣ ያሳደጋት የእህቱ ልጅ፣ በሩቅ ያለ ግማሽ ወንድም። የስም ዝርዝሩን ከአባት ወገን አንድ፣ ከእናት ወገን አንድ፣ ከጓደኞቹ አንድ ሰው ለየብቻ ይዩት። ሦስት ዓይን ያለፈበት ዝርዝር እምብዛም አይሳሳትም።

ጓደኛውን በተመለከተ ከልቤ የምለው አለኝ። ኬኔት ዶካ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሌሎች ዕውቅና የማይሰጡት ሐዘን እንዳለ ጽፏል፤ የጓደኛ ሐዘን ከእነዚህ አንዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሥራ የሐዘን ፈቃድ አይሰጠውም፣ የሚያጽናና ሰው ወደ እሱ ቤት አይሄድም፣ ሲጠየቅም “ዘመዱ ነህ?” ይባላል። የወንድምም ሐዘን ቢሆን ከወላጅ፣ ከሚስትና ከልጅ ኋላ ነው የሚቆመው፤ “እናትህን አጽናና” ይባላል እንጂ “አንተስ?” የሚለው ጥቂት ነው። የወንድምና የእህት ዝምድና ግን ለብዙ ሰው በሕይወቱ ከሁሉ የሚረዝመው ነው፤ ከወላጅ በኋላም ይቆያል፣ ከትዳር ይቀድማል። ሥራውን ስታካፍሉ ይህን አስቡ። ለጓደኛው ፎቶ የመለየቱን፣ ለወንድሙ ሰንጠረዡን የመሙላቱን ኃላፊነት መስጠት ቦታ መስጠት ነው። ትዝታውን መንካት የሚጎዳው ሰውም አለና አታስገድዱ። ከዓመት በላይ አልፎ፣ ለልጅ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ፣ ናፍቆቱ ሥራና ትምህርት ጨርሶ የሚያስቆም ከሆነ የባለሙያ እርዳታ የሚያስፈልገው ሐዘን ነው።

መጨረሻ ላይ ስብስቡ ባለቤት ይፈልጋል። ሦስት ቅጂ ይኑር፦ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፣ ለምሳሌ አንዱ በሃርድ ዲስክ አንዱ በክላውድ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሌላ ቤት። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። ዲስኩ በዓመት አንዴ ተሰክቶ ሦስት አራት ፋይል ተከፍቶ ይሞከር፤ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ወደ አዲስ ይገልበጥ። ክላውዱ በማን ስምና ክፍያ እንደተከፈተ፣ እሱ ባይኖር ማን እንደሚከፍል ወረቀት ላይ ይጻፍ። ዋናውን የሚይዘው የግድ ታላቅየው መሆን የለበትም፤ ከወንድም ወይም ከእህት ልጆች ነገር የማይጥለው፣ ስም አወጣጡን የሚያከብረው አንዱ ይሻላል። አንዱ ቅጂ ለጓደኛው ይድረሰው። የሰንጠረዡ ባዶ ረድፎች ላይ የሚጽፈው ሲያገኝ ለማን እንደሚልክ፣ ስልክ ቁጥሩ ከላይ ይጻፍለት።